የጋሼ ሻረው ለቅሶ

ደብሪቱ ሰልፍ ካየች ትሰለፋለች። ሰዎቹ ምን እንደሚጠብቁ መጠየቅ ለእሷ ነውር ነው፤ ይህን ያህል ሰው ቆሞ የሚጠብቀው ነገር መቼም መጥፎ አይሆንም ብላ ታምናለች። በዚህ እምነቷ አንድ ቀን ከአንድ መጋዘን ደጃፍ ግማሽ ቀን ተገትራ ውላ፣ አንዲት ዶሮ እንኳ የሌላት ሴት የከብት መኖ ተሸክማ ቤቷ ገብታለች። አጎቷ ጋሼ ሻረው ይህን ሲሰማ እንባው እስኪፈስ ሳቀባት። «ላሚቱን ደግሞ ከየትኛው ሰልፍ ልታመጫት ነው?» አላት። እሷም አብራው ሳቀች፤ ሰው ሲስቅ አለመሳቅ አይሆንላትም።

ጋሼ ሻረው የእናቷ ወንድም ነው። እናቷ ስትሞት፣ ገና በወጉ መራመድ ያልጀመረችውን ልጅ አቅፎ ወደ ቤቱ ያስገባት፣ ያሳደጋት፣ ኋላም የሹራብ መኪና ገዝቶ ከዚያው ቅያስ መግቢያ ላይ ክፍል ቤት ያስያዛት እሱ ነው። በዚህ ዓለም ከእሱ ሌላ ዘመድ የላትም፤ እሱም ሚስት ስላላገባ ከእሷ ሌላ የለውም። ግራር በር በሚባለው ሰፈራቸው፣ ጠባቡ ቅያስ የሚያልቅበት ቦታ ላይ፣ ከዚያ ወዲያ መንገድ በሌለበት፣ በሩን ዘግቶ ራዲዮ ሲጠግን ይውላል። ሠርግ ቤት ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጁን ኪሱ ከትቶ ሙሽሮቹን ያያል። የእድር ስብሰባ ላይ ሁሉም እጁን ሲያወጣ እሱ «ቆይ እስቲ፣ ለምንድነው?» ይላል። በዚህ ምክንያት ሰፈሩ «ከሰው አይገጥምም» ይለዋል። ደብሪቱን የሚመክራት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው ወደ አንድ ወገን ሲሮጥ ካየሽ መጀመሪያ ቆም ብለሽ እዪ፣ ከዚያ መሮጥ ካማረሽ ሩጪ ይላታል። እሷም እሺ ትለዋለች። እሺ ማለት መቼም አስቸግሯት አያውቅም።

በዚያ የኅዳር ማለዳ መብራት ጠፍቶ ነበር። ደብሪቱ ለቁርስ ዳቦ ልትገዛ በዳበሳ ተነሥታ፣ ከምስማሩ ላይ ነጠላዋን አውርዳ ጣል አደረገችና ወጣች። ጉሙ ቅያሱን እስከ አፉ ሞልቶታል፤ በጤዛ የራሰው የአጥር ቆርቆሮ ዛግ ዛግ ይሸታል፤ ከየቤቱ ጣራ የሚወርደው ጠብታ ከሩቅ የሚመጣ የሰው ኮቴ ይመስላል። ጎረቤቷ እማዋይሽ ከደጇ ላይ ባልዲ ይዛ ቆማ ነበር። ደብሪቱ «እንዴት አደርሽ፣ እማዋይ» አለቻት። እማዋይሽ አልመለሰችላትም። ከላይ እስከ ታች አየቻትና እጇን ቀስ አድርጋ አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያም ባልዲውን እዚያው ጥላ ወደ ውስጥ ገባች። ደብሪቱ ምን ነካት እያለች መንገዷን ቀጠለች።

ዳቦ ቤቱ ጋ ገና ተራዋ ሳይደርስ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ጉሙ ድምፁን አፍኖት ስለነበረ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ረጅምና ጎርናና ነበር። ሰልፉ ያለ አንድ ቃል ፈረሰ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አውልቀው፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው አዘቅዝቀው ለበሱ። ደብሪቱም ነጠላዋን ልታዞር እጇን ስታነሣ ጥለቱ አንገቷ ላይ ሆኖ አገኘችው። እንግዲህ እጄ ከእኔ ቀድሞ አዙሮታል ብላ፣ ከሰዉ ወደ ኋላ እንዳትቀር ፈጠን ፈጠን አለች። ማን እንደሞተ አልጠየቀችም። ሊያለቅስ የመጣ ሰው ማን ሞተ ብሎ ሲጠይቅ መሰማት ያሳፍራል፤ ሲደርሱ ይታወቃል።

ሕዝቡ ከየመንገዱ እየተጨመረ፣ ጫማው ጭቃውን እኩል እየረገጠ፣ ወደ እሷው ቅያስ ታጠፈ። የራሷን ቤት አልፈው ሲሄዱ ደብሪቱ ቀለል አላት። እማዋይሽ ባሏንና ልጆቿን አስከትላ ስትቀላቀል የእሷም ቤት እንዳልሆነ ታወቀ። እንዲያ እያሉ ቅያሱ የሚያልቅበት ቦታ ደረሱ። የሚኬድበት ስላልነበረ ቆሙ። ከጋሼ ሻረው ቤት በቀር የሁሉም ቤት በር ተከፍቶ፣ ከእሱ በቀር የሁሉም ቤት ሰው ደጅ ወጥቶ ነበር። በሩ ተቆልፏል። ለጥቂት ጊዜ ማንም አላለቀሰም፤ የሚሰማው የዚያ ሁሉ ሰው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት ዞር ብላ ደብሪቱን አየች። ሌላዋም ዞረች። ሁሉም ዞሩ።

«ወይኔ ደብርዬ! ወይኔ አንድ ለናቱ!» ብላ እማዋይሽ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ሰማይ የተደፋባት መሰላት። ሴቶቹ በብብቷ ይዘው ደገፏት። «ልየው፤ አንዴ ብቻ ልየው» ብላ ጮኸች። «አይሆንም፣ አንቺ አትችዪውም፤ ወንዶቹ እየገነዙት ነው» አሏት። እውነት ነው፣ ሬሳ የሚገንዙት ወንዶች ናቸው። ሁሉም እንዲህ ካለ እንዲህ ነው። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ ያሳደጋትን፣ የሳቀባትን፣ ያንን አንድ ሰው ጮኻ አለቀሰችለት፤ ለቅሶዋ እውነተኛ ነበር፤ ቀና ብላ የተቆለፈውን በር አላየችም።

ከቀትር በኋላ ቀበሩት። የሬሳ ሳጥኑ ከድንኳኑ በስተጀርባ ከየት እንደሆነ ሳታየው ወጣ። ከባድ ነበር። ጋሼ ሻረው ከሲታ ሰው ነው፤ የተሸከሙት ጎረምሶች ግን ትከሻ እየቀያየሩ፣ ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው እየወረደ ነው የደረሱት። ሳጥኑ ጉድጓድ ገብቶ የመጀመሪያው አካፋ አፈር ሲወርድበት ያ ድምፅ፣ ዥው ብሎ ጀምሮ በእንጨቱ ላይ ዱብ ዱብ የሚለው፣ ደረቷ ውስጥ የወረደ መሰላት። ከዚያ በኋላ ማን ይዟት እንደተመለሰ፣ የት እንዳደረች አታስታውስም።

በማግሥቱ ከጋሼ ሻረው ደጅ የተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ሸራው አሮጌ ስለሆነ እርጥበትና የአይጥ ኩስ ይሸታል፤ ውስጡ በቀትርም ይጨልማል። ሰው ጢም ብሏል። ደብሪቱ ግራር በር ይህን ያህል ሰው እንዳለው አታውቅም ነበር፤ ከወደ ኋላ ያሉት ፊታቸው አይለይም፣ አግዳሚ ወንበሩም የሚያልቅ አይመስልም። ያለቅሳሉ፣ ያርፋሉ፣ ደግሞ ያለቅሳሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ያለችው ነገር ትንፋሽ የሚወስዱት እኩል መሆኑን ነው። ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ዝም ይላል፣ አንድ ላይ አየር ይስባል፣ ከዚያ አንድ ላይ ይጀምራል። እሷም ሳታውቀው ከእነሱ ጋር ስትተነፍስ ኖራለች።

በዚያች የዝምታ ቅጽበት ከተቆለፈው ቤት ውስጥ ድምፅ ሰማች።

ዥዥዥ የሚል፣ ቀጠን ብሎ ፉጨት የሚሆን፣ መልሶ ዥዥዥ የሚል ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ድምፅ ነው፤ ራዲዮ ጣቢያ ሲፈለግለት የሚያሰማው። ለቅሶው ተነሥቶ ሸፈነው። ሲያርፍ ደግሞ ተሰማ። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ ካውያ እርሳስ ሲያቀልጥ የሚወጣው፣ ጉሮሮ የሚከረክረው ጭስ፣ በበሩ ሥር ሾልኮ በእርጥቡ ሸራ ሽታ መካከል ገባ። ደብሪቱ አጠገቧ ያሉትን ሴቶች አየች። እማዋይሽ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች እንጂ ቀና አላለችም። ሰው ካልሰማው እኔም አልሰማሁትም ልትል ነበር፤ ይህን ማለት ለምዳለች። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ ቁልፉ ስላልተገኘ ነው ለቀስተኛው ቤት ያልገባ ሲሉ ማለዳ ሰምታለች። ቁልፉ ካልተገኘ ወንዶቹ በየት ገብተው ገነዙት?

«ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ተነሣች።

ከቤቱ ጀርባ፣ በግድግዳውና በአጥሩ መካከል ሰው በጎኑ ብቻ የሚያልፍበት ክፍተት አለ። ሰንበሌጡ ያልታጨደ፣ ከታች የቆመ ውኃ ያለበት ነው። የመስኮቱ እንጨት ገርበብ ብሎ ነበር። ስትገፋው ጋሼ ሻረው ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሆዱ የተከፈተ ራዲዮ ፊቱ አድርጎ አየችው።

«መጣሽ፣ ተመስገን!» ብሎ ብድግ አለ። «ደብሪቱ፣ ማን ሞቶ ነው?»

ደብሪቱ የመስኮቱን እንጨት ያዘች።

«ትናንት ጎህ ሳይቀድ ዕቃ ልገዛ ከተማ ወርጄ፣ አመሻሽ ላይ ብመለስ ድንኳን ደጄ ላይ ቆሟል። ማንም ሰላም አላለኝም። አንገታቸውን ደፍተው መንገድ ለቀቁልኝ፤ ሰው እንዲህ የሚያልፈው ሬሳ ነው። ዛሬ ጠዋት በዚች መስኮት ብጣራ አንድ ሰው መጥቶ፣ ቀስ አድርጎ፣ ልክ የሬሳ ፊት እንደሚሸፍን ሰው መስኮቱን ከውጭ ጋቢ አለበሰብኝ። ማነው የሞተው?»

«አንተ» አለችው።

ሊስቅ ጀመረ። ሳቁ ገና ከጉሮሮው ሳይወጣ በግድግዳው ማዶ ሕዝቡ «ወይኔ ሻረው!» ብሎ በአንድ ድምፅ ተነሣ፤ ግድግዳው ራሱ ነዘረ። ጋሼ ሻረው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ትናንት ቀበርንህ» አለች ደብሪቱ እያለቀሰች።

«ሬሳዬን ማን አየ?»

«ወንዶቹ ገነዙህ አሉኝ።»

«የትኞቹ ወንዶች?»

የአንድ ሰው ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ አንድም ስም አልነበራትም። ጋሼ ሻረው ኪሱ ገብቶ የበሩን ቁልፍ አወጣና መዳፉ ላይ አሳያት። ሁለቱም አዩት። ጠረጴዛው ላይ ያለው ራዲዮ አሁንም ዥው እያለ ነበር። ደብሪቱ መጀመሪያ የጣቢያ መጥፋት መስሏት ነበር፤ ጆሮዋን ስትሰጠው ግን ድምፁ እየቆመ ዱብ ዱብ እንደሚል፣ ከዚያ መልሶ ዥው እንደሚል ሰማች። ያን ድምፅ ትናንት መቃብሩ አፍ ላይ ቆማ ሰምታዋለች። አካፋ አፈር ሲያወርድ ነበር።

«እሱ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሌላ ድምፅ አልይዝ ብሎኛል» አላት ጋሼ ሻረው ራዲዮውን ሳያይ። ከዚያ በመስኮቱ እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ። እጁ ይቀዘቅዝ ነበር። «ስሚኝ ልጄ። የምታዪኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ነገ ሠልስት ነው፣ ሰው ሁሉ ይመጣል። ቁሚና ተናገሪ። አንድ ሰው እውነቱን ከተናገረ ይበቃል፤ ሌላው ዓይኑን ይገልጣል። አንቺ ቁሚ እንጂ እኔ በሩን ከፍቼ እወጣለሁ፤ ከጎንሽ ነኝ።»

«እሺ» አለችው። ይህ እሺ ግን ከዚህ በፊት ካለቻቸው እሺዎች የተለየ እንደሆነ ሆዷ ያውቀዋል። እጇን ሲለቅላት መዳፏ ላይ ያስቀረውን አየች፤ እርጥብ ጥቁር አፈር ነበር፣ ከጥፍሮቹ ሥር የወጣ። ጋሼ ሻረው ጓሮ የለውም።

ከዚያ ስትጠይቅ ዋለች። በሕይወቷ እንዲህ ጠይቃ አታውቅም። መጀመሪያ ጥሩምባ ነፊውን ዘገየን ድንኳኑ ኋላ ንፍሮ ሲቅም አገኘችው። «አጎቴ መሞቱን ማን ነገረህ?» አለችው።

«ኧረ ማንም አልነገረኝ፣ እታለም። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከየቤቱ ሲወጣ አየሁ። ለቅሶ ካለ ጥሩምባ ይነፋል፣ ነፋሁ።»

የእድሩ ዳኛ አቶ ይርዳው ዘንጋቸውን ተደግፈው ከድንኳኑ በር ቆመው ነበር። «ጥሩምባ ሰማሁ፣ ድንኳን አስተከልኩ፤ ሥራዬ ይኸው ነው» አሏት።

«ማን ነው የገነዘው፣ አቶ ይርዳው?»

«ወንዶቹ ናቸዋ።»

«እርስዎ ወንድ አይደሉም እንዴ?»

አቶ ይርዳው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ፈገግ ብለው በጣም ሐዘኔታ ባለው ዓይን አዩዋትና ከበስተኋላዋ ያለውን ነገር የሚያዩ ይመስል ዓይናቸውን አሻግረው ወረወሩ።

ወደ ማምሻው እማዋይሽ ቤት ሄደች። እማዋይሽ ለለቅሶው ቤት የሚሄደውን እህል በሰፌድ ይዛ እየለቀመች ነበር፤ መብራት ስለሌለ ክፍሉ ደንግዟል፣ ከማዕዘኑ ጥሬ ባቄላና የኩራዝ ጋዝ ይሸታል። «እማዋይ፣ አንቺ መጀመሪያ ከማን ሰማሽ?» አለቻት።

«ካንቺ ነዋ!» አለች እማዋይሽ ደንገጥ ብላ። «ምን ማለትሽ ነው? በዚያ ጨለማ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ስታልፊ አይቼ ክው አልኩ። አንቺ ያለሽ ዘመድ አንድ። ሌላ ለማን ታዘቀዝቂያለሽ? ገብቼ እኔም አዘቀዘቅሁ፤ ማዶ ያሉት እኔን አይተው አዘቀዘቁ፤ እንዲያ እንዲያ እያለ ነው የተሰማ።»

ደብሪቱ ከምስማሩ ላይ ነጠላዋን በጨለማ ስታወርድ ታያት። ላዩንና ታቹን አልለየችውም ነበር። ዳቦ ልትገዛ ነው የወጣችው። የራሷን ስሕተት ተከትሎ የመጣውን ሕዝብ፣ ሕዝብ ስለሆነ ብቻ፣ ራሷ ተከትላ፣ አጎቷን ቀብራ መጣች። አፈረች፣ ተናደደች፣ በዚህ ሁሉ መሐል ደግሞ፣ ይህም እውነት ነው፣ ዝም ብትል ማንም እንደማያውቅባት አሰበች። ሐሳቡን አውጥታ ጣለችው። «እማዋይ፣ ለቅሶ አልነበረም እኮ። ነጠላው ተገልብጦብኝ ነው። ጋሼ አልሞተም፣ ቤቱ ነው።»

እማዋይሽ እህሉን መልቀሟን አላቆመችም። «ደብርዬ፣ ሐዘን ብዙ ያናግራል። ነገ ሠልስቱ ያልፋል። አሁን ከሰው መለየት ምን ያደርጋል?» አለቻት። ከውስጠኛው ክፍል፣ ከጨለማው፣ የማታውቀው የወንድ ድምፅ በዚያው ቅጽበት፣ በዚያው አነጋገር «ከሰው መለየት ምን ያደርጋል?» አለ። የእማዋይሽ ባል ድንኳን ውስጥ ነው፤ ደብሪቱ ስትመጣ እዚያ ተቀምጦ አይታዋለች። ማን እንዳለ ሳትጠይቅ ወጣች።

የሠልስቱ ዕለት ጠዋት ወደ ድንኳኑ ከመግባቷ በፊት በመስኮቱ ዞረች። ጋሼ ሻረው በመኝታው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ካውያው ቀዝቅዟል። ክፍሉ ከትናንቱ ይልቅ ጨልሞ ነበር፣ መስኮቱ ያው ቢሆንም፤ ሲከፈት ክረምት ላይ ከተቆፈረ ጉድጓድ እንደሚወጣው ያለ አየር ፊቷን ነካት። ቆዳው አመድ መስሏል። «ከትናንት ጀምሮ አልራበኝም» አላት። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ነበር። «ሲያለቅሱ እሰማቸዋለሁ። ደግሞ መጥፎ አይደለም፣ ታውቂያለሽ? ደረቴ አብሯቸው ይተነፍሳል። ቶሎ በይ ልጄ። ቶሎ ካላልሽ እኔም አምኜ እተኛላቸዋለሁ።»

«አሁን ነው ጋሼ። ቃሌ ነው። አንተም ስጠራህ ውጣ።»

«እወጣለሁ» አላት። «ከጎንሽ ነኝ አልኩሽ።»

ድንኳኑ ውስጥ መተላለፊያ አልነበረም። የሰው ላብ፣ የንፍሮ እንፋሎት፣ የእርጥብ ሸራ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ አየሩን አወፍሮታል። ደብሪቱ ከፊት፣ ለሐዘንተኛ በተተወላት ቦታ ተቀመጠች። ለቅሶው ተነሣ። ከእነሱ ጋር ላለመተንፈስ ትንፋሿን ስትይዝ ጆሮዋ ጮኸ። እነሱ ሲያርፉ፣ ያ ሁሉ ሰው አየር በሚስብባት ቅጽበት፣ ብድግ አለች። በሕይወቷ ሰው ተቀምጦ ቆማ አታውቅም።

«ጋሼ ሻረው አልሞተም!» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ነጠላዬ በጨለማ ተገልብጦብኝ ወጣሁ፤ እማዋይ እኔን አየች፣ እናንተ እማዋይን አያችሁ። ሬሳውን ያየ ካለ ይነሣ! የገነዘው ካለ ይነሣ! ማንም የለም። አጎቴ እዚህ ቤት ውስጥ ነው፤ ትናንት አነጋግሬዋለሁ፣ ዛሬም አነጋግሬዋለሁ!»

የሳቡትን አየር ማንም አልመለሰም። እንደያዙት ቆዩ። ከወደ ኋላ፣ ፊታቸው የማይለየው ሰዎች፣ አንገታቸውን ወደ እሷ አዘነበሉ። አቶ ይርዳው «ልጄ፣ ሐዘን ነው፤ ተቀመጪ» አሏት በለሆሳስ።

«አልቀመጥም! ጋሼ! ክፈትና ውጣ! ይዩህ!»

ቁልፉ ሲዞር ተሰማ። በሩ ተከፈተ። ጋሼ ሻረው ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ በብርሃኑ ዓይኖቹን እያጨናበሰ ደፉ ላይ ቆመ። ደብሪቱ ከደስታዋ የተነሣ ሳቀች፤ እንባዋ አፏ ገባ። «ይኸው! ይኸው ቆሟል! ንገራቸው ጋሼ!» አለች። ሰዎቹም አዩት፤ ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ቀጥ ብለው አዩት። ድፍን ሰፈሩ አንገቱን ሳይደፋ ሲያየው ከጋሼ ሻረው ጉንጭ ላይ ያ አመድ ሲገፈፍ፣ ከንፈሩ ደም ሲመስል ታየ።

እሱም ሰዎቹን አያቸው። ከፊት ያሉትን፣ ከኋላ ያሉትን፣ ከአቶ ይርዳው አጠገብ ገፋ ገፋ ተባብለው የለቀቁትን የአንድ ሰው ቦታ አየ። ቆማ የምትጠብቀውን የእህቱን ልጅ በመጨረሻ አያት። ያን አስተያየት ደብሪቱ ታውቀዋለች። ረጅም ሰልፍ አይታ ልትሰለፍ ስትል የራሷ ፊት እንዲህ ይሆን እንደነበረ ገባትና ሳቋ ቀጥ አለ።

ጋሼ ሻረው ኮቱን አስተካከለና በአጠገቧ አለፈ። አልነካትም። አግዳሚው ላይ በተተወለት ቦታ ተቀመጠ። ዘገየ ከንፍሮው እፍኝ ሰጠው፤ ተቀብሎ ቃመ፤ በረሃብ እንደ ሰነበተ ሰው ቶሎ ቶሎ ቃመ። በዚያ ድንኳን ውስጥ ከእሷ በቀር የቆመ አልነበረም። አንድ በአንድ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አንሥተው አንገታቸውን ደፉ። «እማዋይ!» አለች፤ እማዋይሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «አቶ ይርዳው!» አለች፤ አቶ ይርዳው ወደ ጋሼ ሻረው ጠጋ ብለው ትከሻውን ያዙት።

«እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ሻረው» አሉት። «ምንህ ነበረች?»

«የእህቴ ልጅ» አለ ጋሼ ሻረው። «ከእሷ ሌላ ዘመድ አልነበረኝም።»

ደብሪቱ ፊቱ ተንበረከከች። ጉልበቱን ይዛ ነቀነቀችው። ጣቶቿ መቀዝቀዝ ጀምረው ነበር። «ጋሼ፣ ከጎንሽ ነኝ ብለኸኝ! ቆሜልህ! እኔን አሳድገህ፣ አስተምረህ፣ አንተ ራስህ ቁሚ ብለኸኝ እንዴት ትከዳኛለህ?»

ሕዝቡ ሁሉ አየር ሲስብ፣ በዚያች ዝምታ መካከል፣ ጋሼ ሻረው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። ትንፋሹ ሞቃት ነበር። «ሞቼ አየሁት፣ ልጄ፤ አይቻልም» አላት ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ከዚያም ቀና ብሎ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በስሟ እየጠራ አለቀሰላት።